አጎቴ ፈረጅ፣ የሁለት ነጥብ ዋስ

አጎቴ ፈረጅ ያላስታረቁት ሰው ሰንበቴ ገበያ ላይ የለም። ይህን የምለው ዘመዴ ስለሆኑ አይደለም፤ ጉዳቸውንም ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግመሌ ጠፋብኝ ያለ አፋር፣ የታመመ በሬ ሸጡብኝ ያለ ገበሬ፣ ሚስቱ ጥላው እናቷ ቤት የገባችበት ነጋዴ፣ ሁሉም እሁድ እሁድ ከግመል ተራው ዳር ካለችው ግራር ሥር ይሰበሰባል። አጎቴ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ መፋቂያቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አፋርኛ እየዘለሉ ይሰማሉ። የሚናገርን ሰው ያቋረጠ ወዮለት! «ይጨርስ! አፉን ለምን ትነጥቀዋለህ?» ብለው ሲጮሁ ግመሎቹም ዝም ይላሉ።

እኔ ሳቢራ እባላለሁ፤ የእህታቸው የሀዲጃ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከጨፋ ሮቢት ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በ1999 ዓ.ም. ከሚሴ ወደነበረ አንድ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና ልማር ስገባ መንደሩ በሙሉ ሳቀብኝ። «ላም ለማከም ደግሞ ኮሌጅ?» አሉ። እናቴ ራሷ ሳቀች። ያልሳቁት አጎቴ ብቻ ነበሩ።

«ግመልም ታክሚያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኢንሻ አላህ፣ አክማለሁ።»

«በይ ግመሉን እንዳትረሺ» አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ።

ምርቃቱ ጥሩ ነበር፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ግን ጉድ አደረገኝ። ኬሚስትሪው በእንግሊዝኛ፣ የአጥንቱ ስም በላቲን። ላቲን የሚባል ሕዝብ የት አገር እንደሚኖር እንኳ አላውቅም ነበር! አስተማሪው ተናግሮ ሲጨርስ ሁሉም ተማሪ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም እነቀንቃለሁ። እንዲሁ ስነቀንቅ ፈተና ደረሰ። ውጤት የሚለጠፈው ከሬጅስትራር ቢሮ ውጭ ባለ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ በመታወቂያ ቁጥር ነው። ቁጥሬን ፈልጌ ወደ ቀኝ ብሄድ አንድ ነጥብ ሃምሳ ስምንት ይላል። ከጎኑ ደግሞ «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል ተጽፏል።

ቤት ስገባ ደብቄ መቆየት እችል ነበር። ነገር ግን በኔ ሆድ ነገር አያድርም።

«እማ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ» አልኳት።

እናቴ የያዘችውን ወንፊት ጣለች። «ያ ረቢ! ማንን ነካሽ?»

«ማንንም አልነካሁም። ነጥቤ አነሰ።»

«ነጥብ ስላነሰ ሰው ያስጠነቅቃል እንዴ? ይልቅ አፍሽ ነው! አንድ ትልቅ ሰው ተናግረሽ ይሆናል።»

ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አጣሁ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አጥብቃ ወደ ወንድሟ ቤት ሮጠች። አጎቴም ነገሩን ከእሷ አፍ ሰሙ። ለእሳቸው ነገሩ ቀላል ነው፦ ማስጠንቀቂያ ካለ የተቀየመ ሰው አለ፣ የተቀየመ ሰው ካለ ሽማግሌ ይላካል። እንዲህ ነው አገሩ የኖረው፣ ኮሌጅስ ምን ልዩ ያደርገዋል?

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ በመስኮት አሻግሬ ባይ ምን ልይ! አጎቴ ፈረጅ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው በበሩ ገቡ። አጠገባቸው ሸህ ሙሀመድኑር በከዘራ ይራመዳሉ፤ እኚህ ሰው የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፣ ሽምግልና ላይም አይለያዩም። ከኋላቸው ደግሞ አንድ የሰባ ሙክት በገመድ ይጎተታል። ዘበኛው በጉን አላስገባም ይላል፣ አጎቴ «ልጄ፣ ካሳ ነው፣ ጉቦ አይደለም» ይሉታል። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ተንጋጋ። «የማን ዘመዶች ናቸው?» ሲባባሉ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ብቀበር ደስ ባለኝ። መጨረሻ ላይ በጉ ግቢው ዛፍ ላይ ታሰረ፤ ቀኑን ሙሉ የኮሌጁን ሣር ሲግጥ ዋለ።

ሬጅስትራሩ አቶ አብዱሰላም ደሴ ከተማ ያደጉ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸው ተጨማዶ አያውቅም፤ ፈገግታቸውንም እንደ ማኅተማቸው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ነበር የሚያስቀምጡት። ቢሮ ውስጥ የሆነውን በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። ሽማግሌዎቹ ወንበር ቢሰጣቸው አንቀመጥም አሉ፤ መጀመሪያ ዱዓ ይደረግ አሉ። አቶ አብዱሰላምም እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ፤ ምን ያድርጉ?

«ልጃችን አጥፍታለች» አሉ አጎቴ። «ማንን እንዳስቀየመች ንገረንና እንካስ።»

«ማንንም አላስቀየመችም፣ አባቴ። ነጥቧ ነው ያነሰው።»

«ማነው የቀነሰባት?»

«ማንም አልቀነሰባትም። ራሷ ናት ያነሰ ያመጣችው።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው የተጣላችው ከራሷ ጋር ነው ማለት ነው» አሉ።

አቶ አብዱሰላም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እንደ ምንም ዋጥ አድርገው ሕጉን ማስረዳት ጀመሩ። ኤ አራት ነጥብ ነው፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ እያሉ ወረዱ። በሴሚስተር አማካይ ከሁለት በታች ያመጣ ተማሪ ወዲያው አይባረርም፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበትና አንድ ሴሚስተር ይጠበቃል። በማስጠንቀቂያ ላይ ሆኖ ዳግመኛ ከሁለት በታች ካመጣ ግን ይሰናበታል።

አጎቴ ጉልበታቸውን በጥፊ መቱት። «አጃኢብ! ይኼ እኮ የኛው ሕግ ነው! እኛስ ያጠፋን ሰው በመጀመሪያው እናባርራለን እንዴ? እንመክረዋለን፣ ቀጠሮ እንሰጠዋለን። ማነው ይህን የጻፈው?»

«የኮሌጁ የአካዳሚክ ኮሚሽን ነው።»

«ሽማግሌ ነው! አላህ ዕድሜ ይስጠው!»

አቶ አብዱሰላም ቀጠሉ። «ከማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ የምትወጣው ግን የሁለቱ ሴሚስተር ውጤት ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ ሁለት ሲሞላ ነው። ድምሩ ባይሞላ እንኳ...»

በዚህ ጊዜ፣ ዕድሜ ልካቸውን «ይጨርስ!» ሲሉ የኖሩት አጎቴ ብድግ አሉ። «በቃ ገባኝ! የዚህች ልጅ ዋስ እኔ ነኝ። ድምሯ ሁለት ካልሞላ ፈረጅ ከእንግዲህ ሽምግልና አይቀመጥም። ሸህ ሙሀመድኑር ይስማ፣ አላህም ይስማ!»

«አባቴ፣ አልጨረስኩም እኮ...» ቢሉ ማን ይስማቸው? ሸህ ሙሀመድኑር የመዝጊያውን ዱዓ ጀምረዋል።

ከክፍል ስወጣ አጎቴ በጉ አጠገብ ቆመው ፊታቸው በርቷል። «ኢንተለ ኮ፣ አብሽሪ! ታርቀሻል!» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፣ ደስ ሲላቸው ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

«ከማን ጋር?»

«ከኮሌጁ ጋር ነዋ! ሁለት ነጥብ ታመጫለሽ፣ ዋስሽም እኔ ነኝ።» ከዚያ የማሉትን ነገሩኝ።

ደሜ ፈላ። «አጎቴ! ምን ነካዎት? ማን ዋስ ይሁኑኝ አለዎት? ባላመጣስ?»

«ለምን አታመጪም?»

«ኬሚስትሪ ነዋ! ኬሚስትሪ ሽማግሌ አይሰማም!»

«እንግዲያው እኔም ልረፍ፤ ጉልበቴም ደክሟል» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስለ ራሴ ብቻ ስፈራ የነበርሁት ልጅ አሁን ደግሞ ሰንበቴን የሚያህል ገበያ ተሸከምኩ። እኔ ከወደቅሁ፣ አጎቴ ከግራሯ ሥር ይነሳሉ። ከዚያ ከተነሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ምን ሠርተው ሊውሉ? ሞት ማለት ነው።

ወሬው በአንድ እሁድ አገር አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ያለ ነጥቤ ሰላምታ የለም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው «አካም ጂርታ?» ካለኝ በኋላ «ሁለት ነጥቧስ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ ልትወልድ የደረሰች ላም ያለችኝ ይመስል። ባቲ ደርሶ የመጣ ነጋዴ «እዚያም ይጠይቁሻል» አለኝ። ሥጋ ቤት ያለው ሙህዲን፣ ለትምህርቷ ይሁናት ብሎ የበሬ አጥንት በጆንያ ላከልኝ። እናቴ አጥንቱን ቀቅላ አጥር ላይ አሰጣችው፤ የመንደሩ ውሻ በሙሉ ለሳምንት ቤታችንን ከቦ ሰነበተ። እኔም በእያንዳንዱ አጥንት ላይ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፍሁበት።

አጎቴ ደግሞ አዋጅ አወጡ። «ሳቢራን ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለአረም የሚጠራ ከኔ ጋር ይጣላል!» አሉ። የአክስቴ ልጅ ስታገባ እኔ ብቻ ሳልጠራ ቀረሁ። ጭፈራው ከሩቅ እየተሰማኝ ስለ አሲድና ጨው ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ንዴት ነው፣ ሌላ አይደለም። በበነጋው አጎቴ የሰርጉን ሥጋ በሳህን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀምጠው አጥንት ከጆንያው እያወጡ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ይኼስ?»

«ፌሙር።»

«ዋሸሽ! ይኼ ጭን ነው።»

«ጭንም ነው፣ ፌሙርም ነው! ላቲኖቹ ፌሙር ይሉታል።»

«ላቲኖቹ ከብት አላቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አጎቴ!»

በሚቀጥለው እሁድ አንዲት ያነከሰች ጊደር ላይ ጠብ ተነሥቶ ነበር። አጎቴ ጊደሪቱን ዳሰሱና በሙሉ ድምፅ «ፌሙሯን ነው!» ብለው ፈረዱ። ገዥም ሻጭም ቃሉን ስላላወቁት ፈርተው ታረቁ።

ኬሚስትሪው ግን አጥንት የለውም። ኮሌጁ ማስጠንቀቂያ ለወጣባቸው ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት ያስተምር ነበር። መጀመሪያ አፍሬ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ለካ ግማሹ ክፍል እዚያ ነው! እዚያ ያልገባኝን አልገባኝም ማለት ለመድሁ። ራስ መነቅነቅ ቀረ። አስተማሪው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ምኑ ነው ያልገባሽ?» እስኪለኝ ድረስ አስቸገርሁት።

ሐምሌ ላይ ውጤት ሊለጠፍ ነው ተባለ። አጎቴና ሸህ ሙሀመድኑር በዝናብ፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘው መጡ። በጉ በዚህ ጊዜ ቀርቷል፤ ዘበኛው ግን እስኪያረጋግጥ ከኋላቸው አየ። መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። በእጄ ጠረግ አድርጌ ቁጥሬን አገኘሁ። የሴሚስተሩ ውጤት፣ ሁለት ነጥብ ሠላሳ ስድስት። ጩኸቴን ለቀቅሁት! ከዚያ ዓይኔ ወደ ቀጣዩ ዓምድ አለፈ። ድምር፣ አንድ ነጥብ ዘጠና ሰባት። መስታወቱን ዳግመኛ ጠረግሁት፤ ቁጥሩ ያው ነው።

አቶ አብዱሰላም ድምፄን ሰምተው ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ትቀጥያለሽ» አሉኝ። ያን ቀን አጎቴ ያቋረጧቸው ንግግር ይኼ ነበር፦ ድምሩ ባይሞላ እንኳ የሴሚስተሩ ውጤት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ተማሪው አይሰናበትም፤ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር በማስጠንቀቂያው ይቆያል።

አጎቴ አንገቴን አቅፈው ጉንጬን ሳሙኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» አሉ። ደስታቸው እውነት ነበር። ከዚያ ወደ ሬጅስትራሩ ዞረው፣ «ድምሩስ ሁለት ሞላ?» አሉ።

«ለጥቂት ነው የጎደለው፣ አባቴ፤ ግን ሕጉ...»

በዚህ ጊዜ አላቋረጡም። እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ «ሕጉ የሷ ነው። የማልሁት ግን እኔ ነኝ። ድምሯ ሁለት ካልሞላ አልቀመጥም ብያለሁ፤ አልሞላም» አሉ። ሸህ ሙሀመድኑር ቢለምኗቸው፣ እኔ እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ወይ ፍንክች! ቃሉን የበላ ሰው የሌላውን ቃል እንዴት ይዳኛል ብለው በዝናቡ ወጡ። ጃንጥላውንም ለሸሁ ትተውላቸው ሄዱ።

እሁድ ሰንበቴ ወረድሁ። ሴት ልጅ እዚያ ግራር ሥር ገብታ አትናገርም፤ እኔም ከግመሎቹ ኋላ ቆሜ ልሰማ ብቻ ነበር የሄድሁት። አጎቴ ተነሥተው ቆሙ። «ጀማዓ፣ ዋስ ሆኜ ቃሌ ጎደለ። ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። የዚያን ቀን ጉዳይ የነበረው አንድ አፋር፣ «የኔንስ ግመል ማን ሊፈርድ ነው?» ብሎ ጮኸ። አጎቴ መፋቂያቸውን ኪሳቸው ከትተው ሊሄዱ ሲዞሩ ፊታቸውን አየሁት። በአንድ ሳምንት አሥር ዓመት አርጅተዋል። ከዚያ በኋላ እግሬ እንዴት መሐል እንዳደረሰኝ አላውቅም።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልናገር!»

«ኧረ ይህች ልጅ...» ብሎ አንዱ ሊያስወጣኝ ሲነሣ፣ አጎቴ ከልማድ የተነሣ ነው መሰለኝ፣ «ትጨርስ! አፏን ለምን ትነጥቃታለህ?» አሉ።

እኔም ጀመርሁ። «የኮሌጁን ሕግ ‹የኛው ሕግ ነው› ያሉት እርስዎ ነዎት። ሕጉ የመጀመሪያ ጉድለትን አያባርርም፤ ያስጠነቅቃል። እኔ አንድ ነጥብ ሃምሳ ስምንት አምጥቼ እንኳ አልተባረርሁም! እርስዎ ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስታርቁ ቃልዎ ሲጎድል የመጀመሪያው ነው። ለዚያውም ስንት ጎደለ? ጥፍር የማትሞላ! ለኔ የሆነ ሕግ ለርስዎ የማይሆነው ለምንድን ነው? እርስዎ ከኮሌጁ ይበልጥ ጨካኝ ነዎት?»

ማልቀሴን ያወቅሁት ያኔ ነው። አጎቴ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ሸህ ሙሀመድኑር ጺማቸውን ሁለት ጊዜ ዳሰሱና በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ፈረጅ፣ ቁጭ በል። ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሃል።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ! አፋሩ ወገቡን ይዞ ሳቀ፤ የሕዝቡ ሳቅ ያስደነገጠው ግመሉም ደንብሮ አንድ የበርበሬ ጆንያ ደፋ። አጎቴ «ኧረ እኔ አልቀበልም» ሊሉ ሞከሩ። ሸሁ ግን፣ «እስከሚቀጥለው ሴሚስተር በማስጠንቀቂያ ትሠራለህ። የልጅቱ ድምር ያን ጊዜ ሁለት ካልሞላ ሁለታችሁም ትሰናበታላችሁ» ብለው ዘጉት። ፍርድ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ፍርድ እንዴት እምቢ ይላሉ? ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ያን ቀን የግመሉን ጉዳይ ሲዳኙ እንደ አዲስ ሙሽራ ነበር የሚሽኮረመሙት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዓመት ሙሉ የሚያገኛቸው ሰው «አያ ፈረጅ፣ ማስጠንቀቂያው እንዴት ይዞሃል?» እያለ ተጫወተባቸው። እሳቸውም፣ «ሳቢራን ጠይቋት፣ ከሷ ጋር ነው የታሰርሁት» ይላሉ።

በአዲሱ ሚሊኒየም የካቲት ላይ ሦስተኛው ውጤት ሲለጠፍ አጎቴና ሸሁ አብረውኝ ነበሩ። ፀሐይ ነበር፣ መስታወቱም ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ማየት አልቻልሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጥሬንና የድምሩን ዓምድ ለአጎቴ ነገርኋቸው። ቁጥር ማንበብ ያውቃሉ፤ ገበያ ላይ በበጎች ጀርባ የሚቀባውን ቁጥር ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣታቸው መስታወቱ ላይ ሲንፏቀቅ ይሰማኛል። ቆመ።

«ሁለት አለ» አሉ በቀስታ። «ነጥብ አለ። አንድና አንድ።»

ዓይኔን ከፈትሁ። ሁለት ነጥብ አሥራ አንድ! ድምሩ! «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ደግሞ የለም። አጎቴን ተጠምጥሜ ጥምጥማቸውን መሬት ጣልሁት። ሸህ ሙሀመድኑር «አልሀምዱሊላህ! ፈረጅ፣ ወጣህ!» አሉ። ዘበኛው ሳይቀር እልል አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እስከ ዛሬ፣ የስንቱን አገር ግመል ካከምሁ በኋላ እንኳ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አጎቴ ጥምጥማቸውን እያራገፉ፣ «ይህች ከሁለት በላይ ያለችው ምንድን ናት?» አሉ።

«ትርፍ ናት።»

«ለምን ትሆናለች?»

«ለምንም። እንዲሁ ትቀመጣለች።»

አጎቴ ዞር ሲሉ ከመስታወቱ ሳጥን ማዶ አንዲት ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ አዩ። ኢማን ትባላለች፤ ከባቲ የመጣች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። በእጇ የያዘችው መታወቂያ ላይ ካለው ቁጥር ጎን፣ መስታወቱ ውስጥ፣ ያንን የማውቀውን ቃል አየሁት። አጎቴ አቶ አብዱሰላምን ጠሯቸው።

«ልጄ፣ ይህችን ትርፍ ለዚያች ልጅ ብንሰጣትስ? ሳቢራ ፈቅዳለች።»

መቼ ፈቀድሁ!

«አባቴ፣ ነጥብ ለሰው አይሰጥም።»

«ምንም አይቻልም?»

«ምንም አይቻልም።»

አጎቴ ዓይናቸውን ከልጅቷ ላይ አላነሡም። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። «አጎቴ! ወላሂ እንዳያደርጉት! ገና አሁን ከዋስትናው መውጣትዎ ነው!» ብዬ እጅጌያቸውን ያዝሁ። እጅጌያቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝና ሄደው ከልጅቷ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ኢንተለ ኮ» አሏት፣ «የማን ልጅ ነሽ?»